አሥራ ሁለት ፀሐይ

አክስቴ ፀሐይ ትባላለች። ለቤት ዕጣ ከተመዘገበች፣ በየወሩ ከደመወዟ እየቆነጠረች ባንክ ማስገባት ከጀመረች ስንት ዓመት እንደሆናት እሷ ራሷ መቁጠር ትታለች። ዕጣው ወጣ በተባለ ማታ የዕድለኞች ስም ዝርዝር በፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም መዘዋወር ጀመረ። ቤተሰቡ ውስጥ «የኮምፒውተሩ ልጅ» የምባለው እኔ ስለሆንኩ ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው።

ፋይሉን አወረድኩት። መፈለጊያው ላይ «ፀሐይ» ብዬ የአባቷን ስም አስከተልኩ። ምንም የለም። የአባቷን ስም ትቼ «ፀሐይ» ብቻ አልኩ። ሌሎች ፀሐዮች መጡ፣ የኛዋ የለችም። ደውዬ «አክስቴ፣ አልወጣልሽም» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። «ይሁን እንግዲህ ልጄ፣ እግዜር ያላለው ነው» ብላ ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ልጇ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በመመዝገቢያ ቁጥሯ እየፈለገ ሲወርድ አገኛት። «ጸሃይ» ተብላ ነው የተጻፈችው። እኔ ዘመናዊ ስልክ ይዤ ያጣኋትን ሴት እሱ በጣቱ አገኛት። ውል የሚዋዋሉበት ቀን የተቆረጠ ስለነበር ጥቂት ሳምንት ብንዘናጋ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በሌላ ስሜት ነበር። አክስቴ አሁንም ስታየኝ «አንተ ነህ አልወጣልሽም ያልከኝ?» እያለች ትስቃለች። እኔ ግን ብዙም አልሳቅሁም። ሥራዬ ይኸው ነዋ! ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ሰብስቦ ኮምፒውተር እንዲፈልግበት፣ እንዲማርበት ማዘጋጀት። በገዛ ሙያዬ ነው የወደቅሁት።

ያን ማታ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያዋ ፊደል ፀ ወይም ጸ፤ ሁለት። ሁለተኛዋ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፤ ስድስት። «ይ» እንኳ አንድ ነች፣ እግዜር ይስጣት። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ አሥራ ሁለት። አክስቴ ለኛ አንድ ሰው ነች፤ ለኮምፒውተር ግን አሥራ ሁለት ሴቶች ነች። «ኃይለ ሥላሴ»ን በዚሁ መንገድ ብታሰሉት፣ አንድ ላይ ወይም ለያይቶ መጻፍን ጨምሮ፣ 48 ይደርሳል። «ዓለም ፀሐይ» የምትባል ጓደኛ ካለቻችሁ ደግሞ 96 ነች።

ሰው «ጸሃይ»ን ሲያነብ ፀሐይን ይሰማል። ኮምፒውተር አይሰማም፤ ቁጥር ነው የሚያወዳድረው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ ለእያንዳንዷ ፊደል የራሷን ቁጥር ሰጣት። ጸ 4920 ነች፣ ፀ 4928። ሃ 4611 ነች፣ ሐ 4624። ትክክል ነው፤ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና የተለያየ ቁጥር ይገባቸዋል። የጎደለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። በእንግሊዝኛ ስትፈልጉ ትልቁን ፊደልና ትንሹን ፊደል ብታቀያይሩ ግድ አይሰጠውም፣ ያገኘዋል። ሁለቱ ፊደላት እዚያም የተለያየ ቁጥር አላቸው እኮ። ግን አንድ ሰው አስቦበት «በፍለጋ ጊዜ እነዚህ አንድ ናቸው» ብሎ ጽፎለታል። ለኛ ሀ እና ሐ እንዲያ ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቢያንስ በዚያች ፒዲኤፍ ማንበቢያ ውስጥ፣ አልነበረም።

አንድ ፋይል ሲሆን ቀላል ነው። አሥራ ሁለቱንም ሞክሬ ላገኛት እችል ነበር። አሁን ግን አንድ ሚሊዮን ዜና አለ እንበል። እያንዳንዱ 400 ቃል ቢኖረው 400 ሚሊዮን ቃል ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ስም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበቡ መፈለግ መርካቶ ገብቶ አንዲት ብሎን ለማግኘት ሱቅ በሱቅ እየጠየቁ መዞር ማለት ነው። ማን እንዲህ ያደርጋል? መርካቶ ተራ አላት። በርበሬ ከፈለጋችሁ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ከሆነ ሸማ ተራ፣ ያገለገለ ብረታ ብረት ከሆነ ምናለሽ ተራ። ዕቃው ሲመጣ ተራው ጋ ስለሚራገፍ እናንተ ስትሄዱ አትንከራተቱም።

የፍለጋ ሞተሮች ዋና ምሥጢርም ይኸው ነው። ጽሑፉ ሲገባ አንዴ ይበተንና ለእያንዳንዱ ቃል ተራ ይበጅለታል። «ቡና» የሚለው ቃል ያለባቸው ዜናዎች ቁጥራቸው እነዚህ፣ «ዝናብ» ያለባቸው እነዚያ። ስለ ቡናና ዝናብ ስትፈልጉ ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ የሚገናኙበትን ማውጣት ብቻ ነው። አንድም ዜና እንደገና አይነበብም። ለዚህ ነው መልሱ ጣታችሁን ከስክሪኑ ሳታነሱ የሚመጣው።

እንግዲህ የምሟገተው ይህን ነው። ግዙፍ የጽሑፍ ክምችትን ማቀላጠፍ ሲባል ብዙ ሰው ግዙፍ ማሽን ይታየዋል። እኔ የሚታየኝ በር ነው። ጽሑፉ በሩ ላይ ሲገባ አንዴ የሚሠራ ሥራ አለ፤ እሱ ካልተሠራ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በየቀኑ ይከፍልበታል። በጊዜው ይከፍላል፣ በዳታው ይከፍላል፣ አንዳንዴም እንደ አክስቴ ሦስት ቀን በመተከዝ ይከፍላል። አማርኛ ላይ ያ የበር ሥራ ገና እንደነገሩ ነው። ከፋዮቹ ደግሞ እኛ ስልክ የያዝነው ነን።

የአክስቴን ችግር የሚፈታው ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ልንገራችሁ። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው የሚያዞር ሠንጠረዥ ነው። አምስት ፊደል በሰባት ሰባት፣ 35 መስመር። ሃን ከሀ፣ ኣን ከአ ማስታረቅ ሁለት መስመር። ጐን ከጎ፣ ቈን ከቆ፣ ኰን ከኮ ማገናኘት ሌላ ሦስት፤ አለበለዚያ ጎንደርና ጐንደር ሁለት ከተማ ሆነው ይቀራሉ። ድምሩ 40። አንድ ተማሪ ከምሳ በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ የሚጨርሰው ነው። ሠንጠረዡ ጽሑፉ ሲገባም ይሠራል፣ እናንተ ስትፈልጉም ይሠራል፤ ሁለታችሁም «ጸሀይ» ሆናችሁ መሃል ላይ ትገናኛላችሁ። አሥራ ሁለቱ ተራ አንድ ተራ ይሆናል። ማውጫውም ይቀላል፣ ፍለጋውም ይፈጥናል፣ አክስቴም ትገኛለች።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር መነሳቱ አይቀርም። «ድምፃቸው አንድ ከሆነ ታዲያ ተደጋጋሚዎቹን ፊደላት ለምን ጠቅልለን አንጥላቸውም?» የሚሉ አሉ። በታይፕራይተር ዘመንም ይሉ ነበር፣ ዛሬም በየኮሜንቱ ይሉታል። እኔ አልስማማም። ሠረቀ ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ ሰረቀ ሌባ ሲገባ። ሠዐለ ሥዕል ነው፤ ሰአለ ልመና። ልዩነቱ ዛሬ በአፋችን ላይ ባይሰማም በጽሑፉ ውስጥ አለ፣ በስማችን ውስጥ አለ፣ በአያቶቻችን ደብዳቤ ውስጥ አለ።

ደግሞስ ማንን ለመጥቀም? ማስታረቁ የሚካሄደው ማውጫው ውስጥ ነው፣ ማንም በማያየው ቦታ። ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቀመጣል። በጣም የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር ለጥናት ተብሎ የተሰበሰበ የአማርኛ ክምችት ከፍቼ ሠ የምትባል ፊደል አንዲትም ሳጣ ነው። ሰብሳቢው ለማቅለል ብሎ ዋናውን ጽሑፍ ራሱን ቀይሮ፣ የመጀመሪያውን ጥሎታል። ወደ ኋላ መመለሻ የለም። ከዚያ ላይ የተማረ ኤአይ «ስላሴ» እያለ ሲጽፍላችሁ አትገረሙ፤ ሌላ አላየማ። ማጠፍ ማውጫው ላይ፣ ዋናው እንደነበረ። (አርታኢው እኔ ራሴ «ሥራ»ንና «ስራ»ን የት የት እንዳምታታሁ ፈልጎ ሳያርምብኝ አይቀርም። የምሩን ከሆነ ሠንጠረዡን ልልክለት እችላለሁ።)

ፊደሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ ቃሉ ነው። «ቤት» ብላችሁ ስትፈልጉ «ከቤታችን»፣ «ለቤቶቻቸው»፣ «የቤቱን» አብረው መምጣት አለባቸው። ግስ ላይ ስትደርሱማ ጉድ ነው። «ስላልመጣችላቸው» የሚለውን አንድ ቃል እዩት። ውስጡ ምክንያት አለ፣ አሉታ አለ፣ መምጣት አለ፣ አንዲት ሴት አለች፣ የሚጠብቋት ሰዎችም አሉ። አንድ አጭር ድራማ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ይህን በሰባት ቃል ይዘረዝረዋል፤ ሰባቱም ቃላት ደግሞ የትም የሚገኙ የታወቁ ናቸው። የኛዋ ግን በሚሊዮን ዜና ውስጥ አንዴ ብቻ ብትገኝ አይገርምም። ስለዚህ የአማርኛ መርካቶ አንድ ዕቃ ብቻ በተቀመጠባቸው ተራዎች ይሞላል። ተራው ከዕቃው ሲበዛ ደግሞ ተራ መሆኑ ምን ጥቅም አለው?

ይህንንም ከዜሮ አንጀምረውም። ነጋ ዓለማየሁ እና ፒተር ዊሌት እ.ኤ.አ. በ2002 የአማርኛን ቃል ለፍለጋ እንዲመች ቅጥያውን እየገፈፉ ወደ ግንዱ የመመለስ ሥራ አሳትመዋል። ማይክል ጋሰር የሠራው «ሆርንሞርፎ» የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃል ይበትናል፣ ሥሩን ያወጣል። ከዋልታ ዜናዎች ተወስደው እያንዳንዳቸው ስም ነው፣ ግስ ነው፣ ቅጽል ነው ተብለው በእጅ የተለዩ 210 ሺህ ያህል ቃላትም አሉ። ይህን የሠሩ ሰዎች የዛሬው ኤአይ ሞቅ ሞቅ ከማለቱ በፊት ነው የሠሩት፤ ያን ጊዜ ለዚህ ነገር የሚያጨበጭብ ብዙ አልነበረም።

ግን ቃል መበተን ጊዜ ይወስዳል። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው እያንዳንዱን ቃል በመጣበት ቅደም ተከተል አስበትን ነበር። ላፕቶፔ ሌሊቱን ሲነፍስ፣ ሲነፍስ አድሮ ሊነጋጋ ሲል መብራት ጠፋ፤ ባትሪውም ወዲያው ተከተለ። ጠዋት ባዶ እጄን ቁጭ ብዬ ሳስበው ሞኝነቴ ገባኝ። «ነው» የሚለውን ቃል ስንት መቶ ሺህ ጊዜ ነው ያስበተንኩት? ቃሉ አልተለወጠ። በሚቀጥለው ቀን መጀመሪያ የተለያዩትን ቃላት ብቻ ለቅሜ አወጣሁ፣ እያንዳንዳቸውን አንዴ አስበተንኩና መልሱን አስቀመጥኩ፤ ጽሑፉ ውስጥ ሲመጡ ከተቀመጠው መልስ ማንሳት ብቻ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አለቀ። ማሽኑ ያው ማሽን ነው፣ መብራቱም ያው መብራት። አንዴ የሠራኸውን አትድገም የምትል ነገር ነች እንጂ አዲስ ሳይንስ የለበትም።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። በአንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ይገባል፤ በአማርኛ ከሆነ 70። መልዕክቱ የሚይዘው ቦታ ያው 140 ባይት ነው፣ ነገር ግን የላቲኑ ፊደል በሰባት ቢት ተጠቅጥቆ ሲገባ የኛ እያንዳንዷ 16 ቢት ትይዛለች። ብዙዎቻችን «ሰላም ነሽ»ን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመድነው የአማርኛ ኪቦርድ ስላልነበረን ነው፣ ስንፍናም አለበት፤ ግን ሒሳብም ነበረበት። ዛሬ ኪቦርዱ ስልካችን ላይ አለ፣ ልማዱ ግን አልለቀቀንም። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ደግሞ አጻጻፉ ከአሥራ ሁለትም ያልፋል፣ በአማርኛ የሚፈልገው ሰውም አያገኘውም፣ ክምችት ሲሰበሰብም «ይህ ምን ቋንቋ ነው?» ተብሎ ውጭ ይቀራል።

ኢንተርኔት ላይ ስሌቱ ሌላ ነው። ዛሬ ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን ዘዴ ኬን ቶምፕሰን እና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርዚ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ቁጭ ብለው የጠረጴዛ ወረቀት ላይ ነው የነደፉት። ግሩም ሥራ ነው። በዚህ ዘዴ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ትወስዳለች፣ የግዕዝ ፊደል ሦስት። «ተበደልን!» ከማለታችን በፊት ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። የኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢውን አንድ ላይ ስለምትይዝ ቃላችን አጭር ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት ነው፤ በላቲን ቢጻፍ አምስት ፊደል፣ አምስት ባይት። እጥፍ አይሞላም። ከላይ ያልኳችሁ 400 ሚሊዮን ቃል፣ ለአንድ ቃል አምስት ፊደልና አንድ ክፍተት ብንይዝለት፣ 6.4 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ዜና፣ ኪሳችሁ ውስጥ! ብዙዎቻችሁ ከዚያ የበለጠ የቲክቶክ ቪዲዮ አስቀምጣችኋል። ስለዚህ «ለአማርኛ ትልቅ ዳታ ሴንተር እስኪገነባ» የሚለው ወሬ ለእኔ ምክንያት ሆኖ አያውቅም።

የሚያመው ኤአይ ጋ ስንደርስ ነው። የምታዋሩት ኤአይ ፊደልም ቃልም አያነብም፤ ቶክን የሚባል ቁራሽ ነው የሚያነበው። የመቁረጫው ዘዴ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1994 ፊሊፕ ጌጅ የተባለ ሰው ፋይል ለማሳነስ ያወጣው ቀላል ብልሃት ነው። ጎን ለጎን አዘውትረው የሚገኙ ሁለት ምልክቶችን ፈልግ፣ አጣብቀህ አንድ አድርጋቸው፣ ድገመው፣ ድገመው። እ.ኤ.አ. በ2016 እነ ሪኮ ሴንሪች ይህንኑ ለማሽን ትርጉም አመቻችተው አሳተሙት፤ ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ሞዴሎች በአብዛኛው በዚሁ ወይም በዘመዶቹ ነው የሚቆርጡት።

ብልሃቱ ለማንም አያዳላም፤ ብዙ ጊዜ ያየውን ያጣብቃል። ያየው ግን እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛ የተለመደ ቃል ሳይቆረጥ ሙሉውን አንድ ቁራሽ ሆኖ ይወጣል። የአማርኛው ፊደል በፊደል ይፈረካከሳል፤ አንዳንዴ አንዲቷ ፊደል ራሷ ወደ ባይቶቿ ትሰበራለች። ምንም አማርኛ ባላየ መቁረጫ «ሰላም» እስከ ዘጠኝ ቁራሽ ሊደርስ ይችላል። አሌክሳንዳር ፔትሮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት ያው አንድ ሐሳብ በተለያየ ቋንቋ ሲጻፍ የቁራሹ ብዛት እስከ 15 እጥፍ ሊለያይ እንደሚችል አሳይተዋል። አዲሶቹ መቁረጫዎች ከቀድሞዎቹ ይሻላሉ፤ ክፍተቱ ግን አልተዘጋም።

«ቢቆራርጠው እኔን ምን አገባኝ?» ልትሉ ትችላላችሁ። ያገባችኋል። አገልግሎቱ የሚሸጠው በቁራሽ ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚናገር አፕ ልሥራ ያለ የሰፈራችሁ ልጅ ለዚያው መልስ እንግሊዝኛ ከሚጠቀመው ይልቅ አብዝቶ ይከፍላል። ሞዴሉ በአንድ ጊዜ የሚያስታውሰው የቁራሽ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ለዚህ ነው በአማርኛ ረዘም አድርጋችሁ ስታወሩት ቀድሞ ያላችሁትን ቶሎ የሚረሳባችሁ። መልሱም አንድ አንድ ቁራሽ እየተንጠባጠበ ስለሚመጣ ይዘገያል። ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 እነ አሺሽ ቫስዋኒ ይዘውት በመጡት አሠራር እያንዳንዱ ቁራሽ ከሌሎቹ ቁራሾች ሁሉ ጋር ይተያያል። ቁራሹ በአራት እጥፍ ሲበዛ መተያየቱ በአሥራ ስድስት እጥፍ ይበዛል። ሰርግ ላይ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሳሳም እንደማለት ነው፤ ሃያ እንግዳ ሲሆን ደስ ይላል፣ ሰማንያ ሲሆን ምሳው ይቀዘቅዛል።

ይህ ሁሉ የአማርኛ ጠባይ አይደለም። መቁረጫው በምን ጽሑፍ ላይ እንደተሳለ ነው። በአማርኛ ላይ የተሳለ መቁረጫ «ሰላም»ን አንድ ያደርጋል፤ «ስላልመጣችላቸው»ንም «ስላል»፣ «መጣች»፣ «ላቸው» ብሎ ሦስት ላይ ሊያቆም ይችላል። መሳሉ አንዴ ነው፤ ትርፉ ከዚያ በኋላ ሞዴሉ ባነበበ፣ በመለሰ ቁጥር ነው። እንደሚቻልም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኬሌቺ ኦጉዌጂ፣ ዩሺን ዡ እና ጂሚ ሊን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ ባሉበት 11 የአፍሪካ ቋንቋዎች፣ ከአንድ ጊጋባይት ባነሰ ጽሑፍ፣ የራሱ መቁረጫ ያለው «አፍሪበርታ» የተባለ ሞዴል አሠለጠኑ። በነዚያ ቋንቋዎች ጽሑፍ መመደብና ስም መለየት ላይ በብዙ እጥፍ ጽሑፍ ከተማሩት ጋር ተፎካከረ፣ በበርካታዎቹም በለጠ። ከአንድ ጊጋባይት ባነሰ! የጓደኛችሁን የሠርግ ቪዲዮ ለማውረድ አይበቃም።

ክምችቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ንጽሕናው የሞት ሽረት ነው። የአማርኛ የቴሌግራም ቻናሎችን አስቧቸው። አንድ መግለጫ ጠዋት ይወጣል፤ ማታ ሃምሳ ቦታ ተለጥፏል። እንዲህ ያለውን ሰብስቦ «ሃምሳ ዜና አለኝ» ያለ ሰው ያለው አንድ ዜና ነው፤ ሞዴሉም ያንኑ አንዱን ሃምሳ ጊዜ ሸምድዶ ይወጣል። እንግሊዝኛም ከዚህ አላመለጠም። ሲፎር በተባለው ታዋቂ የእንግሊዝኛ ክምችት ውስጥ አንድ 61 ቃል ያለው ዓረፍተ ነገር ከ60 ሺህ ጊዜ በላይ ተደግሞ ተገኝቷል። እነሱ ጽሑፋቸው ስለተረፈ ይችሉታል። እኛ ግን ያለንን በድግግሞሽ ብናቆሽሸው ምን ይተርፈናል?

ሚሊዮን ጽሑፍን ከሚሊዮን ጽሑፍ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ዘመን ይፈጃል። አንድሬ ብሮደር የተባሉ ሰው አልታቪስታ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ለዚህ መላ አሳተሙ። ከእያንዳንዱ ጽሑፍ አጫጭር የቃላት ሰንሰለት ይወሰዳል፤ ከሰንሰለቶቹ ትንሽ አሻራ ይወጣል፤ ከዚያ አሻራውን ብቻ ማወዳደር ነው። ተመሳሳይ ጽሑፎች ተመሳሳይ አሻራ አላቸው። አሁን አክስቴን አስታውሷት። አንዱ ቻናል «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ከጻፈ ቃሉ ያለበት ሰንሰለት ሁሉ ይለያያል፤ እንዲህ ያለ ልዩነት በየመስመሩ ሲጠራቀም የአንድ ዜና ሁለት ቅጂዎች ሁለት ዜና መስለው ያልፋሉ። ስለዚህ ያቺ 40 መስመር ሠንጠረዥ አሻራው ከመወሰዱ በፊት መሥራት አለባት። ሙሉው ሥራ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ሰው ግን ቅደም ተከተሉን ሲንቅ አያለሁ።

እዚህ ላይ የኔ ብጤዎችን ብቻ አልወቅስም። ጽሑፉን የሚያወጡትም አሉ። ማስታወቂያን ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ምን የሚሉት ልማድ ነው? ፎቶ ውስጥ ያለ ስም አይፈለግም፣ አይገለበጥም፣ ማየት ለተሳነው ሰው ስልኩ አያነብለትም፤ ዳታችሁንም ይበላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች ዛሬም ሰነድ የሚያዘጋጁ ቢሮዎች አሉ፤ ስታነቡት አማርኛ ነው፣ ገልብጣችሁ ስትለጥፉት የላቲን ፊደልና የነቁጥ ሩዝ ይሆናል። ዝርዝር የሚያወጣ አካል ሁሉ፣ የቤትም ይሁን የፈተና ውጤት፣ ከፒዲኤፉ ጎን ያንኑ ዝርዝር በተራ ጽሑፍ ቢያስቀምጥና ፊደል የሚያስታርቅ አንዲት መፈለጊያ ቢሰጠን ብዙ ሰው ሦስት ቀን ከማዘን ይድናል። ወጪው ከማስታወቂያው ባነር አይበልጥም።

ሠንጠረዡን ጽፌ፣ አንዲት ትንሽ መፈለጊያ ሠርቼ ስልኬ ላይ ጫንኳት። መልኳ አያምርም፤ ባዶ ሳጥንና አንድ ቁልፍ ነው ያላት። ለቤተሰብ ብቻ ብዬ ነበር፤ ወሬው ግን ሰፈር ገባ።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ደወለች። አንድ ሌላ ዝርዝር ወጥቷል፣ ጎረቤቷ ስሟን አጥታ እያለቀሰች ነው።

«በዚያችኛዋ ፈልግላት፣ በአሥራ ሁለቷ» አለችኝ።

«እሺ። ስሟ ማን ነው?»

«ዓለም ፀሐይ።»